ሰባት አንቀጾች፦ የቢንያም መሐመድ እስርና የምስጢር ወሰን

በኦገስት 1971 በሰሜን አየርላንድ ሰዎች ያለ ክስና ያለ ፍርድ መታጎር በጀመሩ ጊዜ፣ ከታሰሩት መካከል ጥቂቶቹ ተለይተው ወደ ምስጢራዊ የምርመራ ሥፍራ ተወስደው ነበር። በዚያ ጭንቅላታቸው በጥቁር ከረጢት ተሸፈነ፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው፣ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ለሰዓታት እንዲቆሙ ተገደዱ፤ የማያባራ ድምፅ ተለቀቀባቸው፤ እንቅልፍ ተነፈጉ፤ ምግብና ውሃም ተቀነሰባቸው። በታሪክ «አምስቱ ዘዴዎች» ተብለው የሚታወቁት እነዚህ ናቸው። ጉዳዩን የመረመረው በሎርድ ፓርከር የሚመራ ባለሦስት አባል ኮሚቴ በሐሳብ ተከፈለ። ሁለቱ አባላት ዘዴዎቹ በልዩ ሁኔታ ውስጥ ተገቢ ሊሆኑ ይችላሉ ሲሉ፣ ሦስተኛው ሎርድ ጋርዲነር ሕገወጥ ናቸው ብለው ተለዩ። ጠቅላይ ሚኒስትር ኤድዋርድ ሂዝ የተቀበሉት የሁለቱን ሳይሆን የአንዱን ሰው ሐሳብ ነበር፤ በማርች 2 ቀን 1972 ዘዴዎቹ ከዚያ በኋላ ለምርመራ እንደማይውሉ ለፓርላማው ቃል ገቡ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቃሉ የሕግ ክርክሩን አልዘጋውም። አየርላንድ ብሪታንያን ከስሳ በጃንዋሪ 1978 የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት ብይን ሲሰጥ፣ ዘዴዎቹ ኢሰብዓዊና አዋራጅ አያያዝ ናቸው፤ የማሰቃየት ደረጃ ላይ ግን አልደረሱም አለ። ሁለቱም በስምምነቱ እኩል የተከለከሉ ስለነበሩ ልዩነቱ በጊዜው ለሕግ ሊቃውንት ብቻ የሚተው ይመስል ነበር። በኦገስት 1 ቀን 2002 የአሜሪካ ፍትሕ መሥሪያ ቤት ጠበቆች ለሲ አይ ኤ ምርመራ የሕግ ሽፋን የሰጠውን ማስታወሻ ሲጽፉ ግን፣ ማሰቃየት የሚባለው ድርጊት ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ለማሳየት ከጠቀሷቸው ውሳኔዎች አንዱ ይኸው የ1978ቱ ብይን ሆነ። እንግዲህ ከአንድ ታሪክ ሁለት ተቃራኒ ውርሶች ወጡ፤ ለንደን የተከለከለውን ስትወርስ ዋሽንግተን ቀዳዳውን ወረሰች። ሁለቱ ውርሶች የተገናኙት በአንድ ሰው መዝገብ ላይ ነው፤ ያም ሰው ኢትዮጵያዊ ነበር።

ቢንያም መሐመድ በ1978 ተወለደ፤ በ1994፣ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ፣ ብሪታንያ ገብቶ ጥገኝነት ጠየቀ። የስደተኛነት ዕውቅና ባያገኝም በ2000 ለተወሰኑ ዓመታት የመቆያ ፈቃድ ተሰጠው። በ2001 ወደ ፓኪስታንና ወደ አፍጋኒስታን ሄደ። መሄዱን ማንም አይክድም፤ ምንጮቹ የሚለያዩት በምክንያቱ ላይ ነው። እሱ ከአደንዛዥ ዕፅ ሱስ ለመላቀቅና የታሊባንን አገር በዓይኑ ለማየት እንደነበር ሲናገር፣ የአሜሪካ ዐቃቤ ሕግ ግን በአል-ቃይዳ ካምፕ ሠልጥኗል አለ። ክሱ እስከ ፍርድ ደርሶ ስላልተፈተነ፣ እኛ አንዱን ትረካ በሌላው ላይ የምናነግሥበት መሠረት የለም። በኤፕሪል 10 ቀን 2002 በሌላ ሰው የብሪታንያ ፓስፖርት ወደ ለንደን ለመመለስ ሲሞክር ካራቺ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ተያዘ።

የጊዜውን ፍርሃት ሳይመዝን ከዚህ በኋላ ስለሆነው የሚጽፍ ሰው ታሪኩን በግማሹ ብቻ ነው የሚጽፈው። በሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ወደ ሦስት ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ካለቀ ገና ሰባት ወር ነበር። በፓኪስታን የተያዘው አቡ ዙበይዳ፣ ሁለት ሰዎች ራዲዮአክቲቭ ቁስ የሚበትን «ቆሻሻ ቦምብ» በአሜሪካ ለማፈንዳት ሐሳብ ይዘው መጥተው እንደነበር ለመርማሪዎች ተናገረ። አንዱ ቺካጎ ላይ የተያዘው አሜሪካዊው ሆዜ ፓዲያ ነው ተባለ፤ ሁለተኛው ቢንያም። ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ጆን አሽክሮፍት በጁን 10 ቀን 2002 ለሥራ ከሄዱባት ከሞስኮ ሆነው የፓዲያን መያዝ በቴሌቪዥን ለዓለም አወጁ። እንዲህ ያለ ወሬ የደረሰው መንግሥት እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ ነበር የሚል ሰው አይኖርም።

ሆኖም ቀኖቹን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ግድ ይላል። ሲ አይ ኤ ለዓመታት ሲከራከር የኖረው፣ ይህን ሤራ ያጋለጠው በአቡ ዙበይዳ ላይ የተፈጸመው የኃይል ምርመራ ነው በማለት ነበር። በዲሴምበር 2014 ይፋ የሆነው የአሜሪካ ሴኔት የስለላ ኮሚቴ ሪፖርት ማጠቃለያ ግን ሌላ ቅደም ተከተል ያሳያል። አቡ ዙበይዳ የተያዘው በማርች መጨረሻ ነው፤ ስለ ሁለቱ ሰዎች ለኤፍ ቢ አይ መርማሪዎች የተናገረው በኤፕሪል 20 ገደማ ነው፤ 83 ጊዜ በውሃ የመታፈን ስቃይ የወረደበት በኦገስት ነው። ቢንያም ደግሞ በኤፕሪል 10 አስቀድሞ ተይዟል። ውጤቱ መንሥኤውን በአራት ወር ሊቀድም ስለማይችል፣ የሲ አይ ኤ ክርክር በቀን መቁጠሪያው ብቻ ይወድቃል። ሪፖርቱ ከዚህም አልፎ ዕቅዱን የሲ አይ ኤ ባለሙያዎች ራሳቸው እንዳላመኑት፣ መነሻውም ዩራኒየምን በባልዲ እያሽከረከሩ ቦምብ መሥራት ይቻላል የሚል የኢንተርኔት ላይ የቀልድ ጽሑፍ እንደነበር መዝግቧል። ፓዲያ በ2007 ማያሚ ላይ ጥፋተኛ የተባለው በሌሎች ክሶች ነው፤ «ቆሻሻው ቦምብ» በክሱ ውስጥ አልነበረም።

በካራቺ እስር ላይ ሳለ ቢንያምን በሜይ 17 ቀን 2002 አንድ የኤም አይ 5 ሰው፣ ማለትም የብሪታንያ የአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ባልደረባ፣ አነጋገረው። ፍርድ ቤቱ ስሙን ሸሽጎ «ምስክር ቢ» ይለዋል። ስለዚህ ውይይት ያለን ሰነድ የምስክሩ የራሱ ዘገባ ነው፤ በዚያ ላይ ለእስረኛው ዕጣውን የሚወስኑት አሜሪካኖች መሆናቸውን፣ ውሳኔያቸውም በአመዛኙ በሚያሳየው የትብብር መጠን ላይ እንደሚመሠረት መንገሩን ጽፏል። በደል አይቻለሁ አላለም። ከመሄዱ በፊት መሥሪያ ቤቱ ስለ እስረኛው አያያዝ ምን ደርሶት እንደነበር ግን ሕዝቡ ሊያውቅ የቻለው ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በሙግት ነው፤ በቦታው እንደርስበታለን።

ከጁላይ 2002 በኋላ የቢንያም ዱካ ከኦፊሴላዊው መዝገብ ይጠፋል። የእሱ ትረካ ይህ ነው፦ ጭምብል ያጠለቁ ሰዎች ልብሱን ገፈው፣ ዓይኑን ሸፍነው፣ በአውሮፕላን ወደ ሞሮኮ ወሰዱት፤ በዚያም 18 ወር ገደማ ሲደበደብ፣ በስለት ሰውነቱ ሲተለተል፣ በማያባራ ሙዚቃ ሲደነቁር ቆየ፤ የሚጠየቃቸው ጥያቄዎች አንዳንዶቹ ስለ ለንደን ኑሮው ከብሪታንያ ካልሆነ ከሌላ ሊመጡ የማይችሉ ነበሩ፤ በጃንዋሪ 2004 ደግሞ ወደ ካቡል፣ እስረኞች «የጨለማው እስር ቤት» ወደሚሉት ሥፍራ ተዛወረ። ጥንቁቅ አንባቢ ይህ የአንድ ባለጉዳይ ቃል ነው ማለቱ አይቀርም፤ ደግም ያደርጋል። የእስረኛ ቃል በእስረኛነቱ ብቻ አይታመንም፤ በእስረኛነቱ ብቻም አይጣልም።

ቃሉን የምንፈትንበት ነጻ ምንጭ ከስለላ ድርጅት ሳይሆን ከአየር ትራፊክ መዝገብ መጣ። የስዊስ ፖለቲከኛና የቀድሞ ዐቃቤ ሕግ ዲክ ማርቲ በጁን 2006 ለአውሮፓ ምክር ቤት የፓርላማ ጉባኤ ባቀረቡት ሪፖርት፣ በሲ አይ ኤ አገልግሎት ላይ የነበሩ አውሮፕላኖችን የበረራ ዝርዝር ከእስረኞቹ ቃል ጋር አስተያዩ። ኤን379ፒ የሚል ምልክት ያለው ጋልፍስትሪም በጁላይ 21 ቀን 2002 ከኢስላማባድ ተነሥቶ ራባት አርፏል። ኤን313ፒ የተባለው ቦይንግ 737 በጃንዋሪ 22 ቀን 2004 ከራባት ወደ ካቡል በርሯል። ዓይኑ ተሸፍኖ የተጫነ ሰው የሰጠው ቀንና የበረራው መዝገብ መግጠማቸው ብቻ አይደለም የሚያስደንቀው፤ ይኸው ቦይንግ በማግስቱ ስኮፕዬ ላይ አርፎ፣ በስም መመሳሰል በስሕተት የተያዘውን የጀርመን ዜጋ ኻሊድ ኤል-ማስሪን ጭኖ ወደ አፍጋኒስታን ወስዷል። የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት በዲሴምበር 2012 በኤል-ማስሪ ላይ በዚያ አውሮፕላን ማረፊያ የተፈጸመው ድርጊት ማሰቃየት መሆኑን ወስኗል። የበረራ መዝገብ አንድ ሰው የት እንደተወሰደ እንጂ እዚያ ምን እንደተደረገበት አይናገርም፤ የቢንያም ቃል ሊጣራ በሚችልበት ነጥብ ሁሉ መጽናቱ ግን ሊጣራ በማይችልበት ነጥብ ላይም ክብደት እንድንሰጠው ያስገድደናል።

ቢንያም ከካቡል ወደ ባግራም የጦር ሰፈር፣ ከዚያም በሴፕቴምበር 2004 ወደ ጓንታናሞ ተዛወረ። በባግራምና በጓንታናሞ «ቆሻሻውን ቦምብ» ጨምሮ የተጠየቀውን ሁሉ አመነ። የአሜሪካ ክስ በመሠረቱ የቆመው በእነዚህ ቃሎች ላይ ሲሆን፣ መርማሪዎቹ አዲሶች፣ ሥፍራውም አዲስ ስለነበር ቃሉ ከቀድሞው አያያዝ ነጻ ነው የሚል ነበር መከራከሪያው። ማዕከላዊን በስሙ ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ አንባቢ የዚህ ክርክር ድክመት ብዙ ማብራሪያ አያሻውም፤ ሁለት ዓመት የተሰበረ ሰው መርማሪው ስለተቀየረ ብቻ ነጻ ፈቃዱ አይመለስለትም። በኖቬምበር 2005 በወታደራዊ ኮሚሽን ፊት በማሤር ተከሰሰ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጁን 2006 በሃምዳን ጉዳይ ኮሚሽኖቹን ሕገወጥ ሲል ክሱ አብሮ ወደቀ፤ ኮንግረስ ኮሚሽኖቹን በአዲስ ሕግ ሲያቋቁም በ2008 እንደገና ተዘጋጀ።

ያን ጊዜ ነበር ጠበቆቹ ፊታቸውን ወደ ለንደን ያዞሩት። በሲቪል ወገን ክላይቭ ስታፎርድ ስሚዝ፣ በወታደራዊ ወገን ሌተና ኮሎኔል ኢቮን ብራድሌይ ይከላከሉለት ነበር፤ የጦር መኮንን የሆኑት ሴት መንግሥታቸው ለደንበኛቸው ያደረገውን በአደባባይ መቃወማቸው ራሱን የቻለ ምዕራፍ ነው። ጥያቄያቸው ጠባብ ነበር፦ ብሪታንያ ስለ አያያዙ የያዘችው ሰነድ ካለ ለመከላከያው ትስጥ። የሕግ መሠረቱ ከስለላ ዓለም እጅግ የራቀ ነው። በ1973 ኖርዊች ፋርማካል የተባለ ኩባንያ የፓተንት መብቱን ጥሰው ኬሚካል የሚያስገቡትን ነጋዴዎች ስም ለማወቅ የጉምሩክ መሥሪያ ቤትን ከስሶ ነበር፤ ፍርዱም አንድ ወገን ሳያጠፋ እንኳ በሌላው ጥፋት ውስጥ እጁ ከገባ የሚያውቀውን የመግለጽ ግዴታ አለበት የሚል ሆነ። ለነጋዴ ሙግት የተበጀ መርሕ ከ35 ዓመት በኋላ የደኅንነት መሥሪያ ቤትን መዝገብ ለመክፈት ተጠራ።

ከፍተኛው ፍርድ ቤት መርሑን ተቀበለው። ዳኞቹ ቶማስና ሎይድ ጆንስ በኦገስት 21 ቀን 2008 በሰጡት ብይን፣ ብሪታንያ ከአሜሪካ ጋር በቢንያም ጉዳይ የነበራት ግንኙነት ከተመልካችነት ወይም ከምስክርነት እጅግ ያለፈ እንደነበር ወሰኑ። ኤም አይ 5 እስረኛው ከዓለም ተነጥሎ መያዙን እያወቀ የሚጠየቀውን ጥያቄና መረጃ ማቀበሉን ቀጥሎ ነበር። በኋላም «ምስክር ቢ» በ2002 መጨረሻና በ2003 መጀመሪያ ሞሮኮን ደጋግሞ መጎብኘቱ ታወቀ። መሥሪያ ቤቱ ቢንያም እዚያ መኖሩን አላውቅም ነበር ይላል፤ ጉብኝቱ ከእስረኛው ጋር መያያዙን የሚያሳይ ማስረጃ በአደባባይ ስላልቀረበ፣ ነገሩን በጥርጣሬ ደረጃ ትተነው እንለፍ።

ሙግቱ የጦዘው ከብይኑ በኋላ ነው። ዳኞቹ በጽሑፋቸው ውስጥ፣ የአሜሪካ ባለሥልጣናት ስለ ቢንያም አያያዝ ለኤም አይ 5 የላኩትን ዘገባ በሰባት አጫጭር አንቀጾች አጠቃልለው ነበር። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ዴቪድ ሚሊባንድ እነዚህ አንቀጾች ከሕዝብ እንዲሰወሩ ጠየቁ። ከምክንያታቸው ጋር ባንስማማም በፍትሐዊነት ልንገልጸው ይገባል፤ ከወዳጅ አገር የተገኘ መረጃ የሰጪው ነው፣ ያለ ሰጪው ፈቃድ ከወጣ አሜሪካ መረጃ ማካፈሏን ትቀንሳለች፣ ያ ደግሞ የብሪታንያን ሕዝብ ሕይወት ለአደጋ ያጋልጣል የሚል ነበር። በጁላይ 7 ቀን 2005 በለንደን 52 ሰዎች በቦምብ ከተገደሉ ገና ብዙ አልቆየም፤ ይህን ክርክር ባዶ ማስፈራሪያ ነው ብሎ ማጣጣል ኃላፊነት የጎደለው ይሆን ነበር። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤትም ይፋ መደረጉ በመረጃ ልውውጡ ላይ ከባድ ጉዳት እንደሚያደርስ በደብዳቤ አስታወቀ። በፌብሩዋሪ 2009 ዳኞቹ እያቅማሙ አንቀጾቹ ተሰውረው እንዲቆዩ ፈቀዱ። ነገር ግን የሥጋቱን ባሕርይ እናጢን፤ ሰባቱ አንቀጾች የሰላይ ስም፣ የስለላ ስልት ወይም ሥፍራ አልያዙም። በእነሱ ውስጥ የነበረው ምስጢር አንድ መንግሥት በአንድ እስረኛ ላይ ያደረገው ነገር ብቻ ነበር።

በዚህ መካከል ክሱ ራሱ ፈረሰ። በኦክቶበር 2008 የአሜሪካ መንግሥት «የቆሻሻ ቦምቡን» ውንጀላ ከፍርድ ቤት ክርክሩ አወጣ፤ በዚያው ወር የወታደራዊ ኮሚሽኑ ክስ ተነሣ። ቢንያም ከሰባት ዓመት ጥቂት ወራት ብቻ ለጎደለው እስር አንዳች ፍርድ ሳይሰጥበት በፌብሩዋሪ 23 ቀን 2009 ብሪታንያ ተመለሰ። በኖቬምበር 2009 ደግሞ ለንደን የሰወረችውን ዋሽንግተን ገለጠችው። ዳኛ ግላዲስ ኬስለር የአንድ አልጄሪያዊ እስረኛን አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ ሲመረምሩ፣ መንግሥት በሰውየው ላይ ካቀረባቸው ማስረጃዎች አንዱ ቢንያም በእስር ላይ ሳለ የሰጠው ቃል ነበር። ዳኛዋ የቢንያምን የስቃይ ታሪክ በዝርዝር ጽፈው፣ መንግሥት ትረካውን እንዳልተቃወመ አስመዝግበው፣ ቃሉ ሊታመን አይችልም ብለው ጣሉት። የዚህ ውሳኔ ክብደት በእኛ ግምት በበቂ አልታየም፤ ትረካውን ለማስተባበል ከማንም የበለጠ ምክንያትም ሰነድም የነበረው ወገን ዕድሉን አግኝቶ ዝም ብሏልና።

በፌብሩዋሪ 10 ቀን 2010 የለንደኑ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሦስት ዳኞች፣ ሎርድ ጀጅ፣ ሎርድ ኒውበርገርና ሰር አንቶኒ ሜይ፣ አንቀጾቹ እንዲታተሙ በአንድ ድምፅ ወሰኑ። ይዘታቸው ይህ ነው። ከሜይ 17 ቀን 2002 በፊት፣ አንድ የምርመራ ባለሙያ ባወጣው አዲስ ስልት መሠረት፣ ቢንያም ሆን ተብሎ ያለማቋረጥ እንቅልፍ ይነፈግ ነበር። እንቅልፍ ማጣቱ የሚያመጣበት ለውጥ በጥንቃቄ ይታይና ይመዘገብ ነበር። ማስፈራሪያና ማባበያ ይፈራረቁበታል፤ ከአሜሪካ እጅ ወጥቶ ደብዛው ይጠፋል የሚለውን ፍርሃቱን መርማሪዎቹ ይጫወቱበታል፤ ምርመራው ሲካሄድ በሰንሰለት ይታሰራል። ራሱን እንዳይጎዳ በክትትል ሥር መሆኑ፣ ከባድ የአእምሮ ጭንቀትና ስቃይም እየደረሰበት መሆኑ ለኤም አይ 5 የደረሰውን ዘገባ ለሚያነብ ሁሉ ግልጽ ነበር። አንቀጾቹን የጻፉት የከፍተኛው ፍርድ ቤት ዳኞች ሲደመድሙ፣ ድርጊቱ በብሪታንያ ስም ተፈጽሞ ቢሆን ኖሮ በ1972 የተገባውን ቃል በጣሰ ነበር፤ ቢያንስ ቢያንስም ጭካኔ የተሞላበት፣ ኢሰብዓዊና አዋራጅ አያያዝ ነው ለማለት አያስቸግርም አሉ።

ሰነዱ ስለ ካራቺ እንጂ ስለ ሞሮኮ አንድ ቃል እንኳ አይናገርም። ብዙ ጸሐፊዎች ሁለቱን አደባልቀው በስለት የመተልተሉ ታሪክ በሰባቱ አንቀጾች ተረጋግጧል ሲሉ እናነባለን፤ አልተረጋገጠም። የተረጋገጠው በአንድ በኩል ከዚህ ያንሳል፣ በሌላ በኩል ግን ይበልጣል። በደሉን የጻፉት ራሳቸው የፈጸሙት ናቸው፤ የአጋራቸው መሥሪያ ቤትም ዘገባውን ከተቀበለ በኋላ ሰው ልኮ እስረኛውን ጠይቋል።

ከብይኑ ክፍሎች ሁሉ ለታሪክ ጸሐፊ ይበልጥ የሚያስተምረው ግን አንቀጽ 168 ነው። የደኅንነት መሥሪያ ቤቱ በ2005 ለፓርላማው የስለላ ጉዳዮች ኮሚቴ የኃይል ምርመራ ከባህሉ ጋር እንደማይሄድ አስረድቶ ነበር። ሎርድ ኒውበርገር ይህን ከቢንያም መዝገብ ጋር አነጻጽረው በረቂቃቸው የሰላ ትችት ጻፉ። ረቂቁ እንደ ልማዱ ለተከራካሪዎቹ ሲላክ፣ የመንግሥት ጠበቃ ጆናታን ሰምፕሽን አንቀጹ መሥሪያ ቤቱ ለሰብዓዊ መብት ግድ የለውም፣ ፓርላማውንም አሳስቷል ተብሎ እንደሚነበብ ገልጸው እንዲታረም በደብዳቤ ጠየቁ። በፌብሩዋሪ 10 የወጣው ብይን የለዘበ ነበር። ተቃራኒዎቹ ወገኖችና መገናኛ ብዙኃን የደብዳቤውን ነገር አውቀው ሲጮኹ፣ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን እንደገና አይቶ በፌብሩዋሪ 26 ሦስተኛውን ቅጂ አወጣ፤ አንዳንድ የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች በቢንያም በደል ውስጥ ስለነበራቸው ተሳትፎና ስለ ግልጽነታቸው ያላቸው ታሪክ አጠራጣሪ ነው የሚል። አንዱ አንቀጽ በአንድ ወር ውስጥ ሦስት መልክ ያዘ። ኦፊሴላዊ ሰነድን እንደተጠናቀቀ እውነት የሚቀበል ተማሪ ይህን ቢያስተውል መልካም ነው።

የኤም አይ 5 ዋና ኃላፊ ጆናታን ኢቫንስ በጋዜጣ መልስ ሰጡ፤ መሥሪያ ቤታቸው የአሜሪካ አሠራር ከሴፕቴምበር 2001 በኋላ መለወጡን ለመረዳት ዘግይቶ ነበር እንጂ አልተባበረም፣ አልሸሸገምም አሉ። የመጀመሪያውን ክፍል ለ2002 ጸደይ በከፊል ልንቀበለው እንችላለን፤ በዚያን ጊዜ የሲ አይ ኤ ምስጢራዊ እስር ቤቶች ገና እየተቋቋሙ ነበር። ሁለተኛው ግን ከዘገባው ጋር አይገጥምም። እንቅልፍ መንሳት ብሪታንያ ራሷ ከ30 ዓመት በፊት በስሙ ጠርታ ከከለከለቻቸው አምስት ዘዴዎች አንዱ ነበር፤ ይህን ያነበበ የብሪታንያ መኮንን የአሜሪካ አሠራር መለወጡን ለማወቅ የሚጠብቀው ሌላ ምልክት አልነበረም።

በአሜሪካ በኩል በሩ ጭራሹኑ አልተከፈተም። ቢንያምና ሌሎች አራት ሰዎች በረራዎቹን አዘጋጅቷል ያሉትን ጄፕሰን ዳታፕላን የተባለውን የቦይንግ ቅርንጫፍ ካሊፎርኒያ ላይ ከሰሱ፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በሴፕቴምበር 2010 በ6 ለ5 ድምፅ፣ ክርክሩ የመንግሥት ምስጢር ያወጣል በሚል ክሱን ሳይሰማ ዘጋው። ይህ የመንግሥት ምስጢር መርሕ የቆመው በ1953ቱ የሬይኖልድስ ውሳኔ ላይ ነው። በ1948 ጆርጂያ ውስጥ በወደቀ ቢ-29 አውሮፕላን የሞቱ ሲቪሎች ሚስቶች የአደጋውን ሪፖርት ሲጠይቁ፣ የአየር ኃይሉ ምስጢራዊ መሣሪያ ይጋለጣል ብሎ ከለከላቸው፤ ፍርድ ቤቱም ሰነዱን ራሱ ሳያይ አመነ። ሪፖርቱ ከአሥርት ዓመታት በኋላ ሲገኝ ስለ ምስጢራዊው መሣሪያ የሚገልጽ ነገር አልነበረበትም፤ የነበረበት የጥገና ጉድለት ነው። አንድ ምሳሌ ሕግ አይሆንም፤ ነገር ግን መርሑ ከተወለደበት ቀን ጀምሮ ምስጢሩና ጥፋቱ በአንድ ፋይል ውስጥ መገኘታቸውን ሳናስተውል ልናልፍ አንችልም።

በብሪታንያ የተከተለው በአጭሩ ሊነገር ይችላል። መንግሥት በኖቬምበር 2010 ቢንያምን ጨምሮ ለ16 የጓንታናሞ እስረኞች፣ ጥፋቱን ሳያምን፣ መጠኑ ያልተገለጸ ገንዘብ ለመክፈል ተስማማ። በዚያው ሳምንት የዐቃቤ ሕግ ኃላፊው ኪር ስታርመር፣ በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት፣ «ምስክር ቢን» ለመክሰስ በቂ ማስረጃ የለም አሉ። በሰር ፒተር ጊብሰን የሚመራው አጣሪ ጉባኤ በ2012 ሥራውን ሳይጨርስ ተዘጋ፤ በዲሴምበር 2013 የወጣው ሪፖርቱ መልስ ያላገኙ 27 ጉዳዮችን ዘርዝሯል። የፓርላማው ኮሚቴ በጁን 2018 ባወጣው ጥናት፣ የብሪታንያ ሰዎች እስረኞች መበደላቸውን እያወቁ ወይም እየጠረጠሩ ጥያቄ ወይም መረጃ ማቀበላቸውን የቀጠሉባቸውን 232 አጋጣሚዎች ቆጥሯል፤ የቢንያም ጉዳይ ብቸኛ ስሕተት ነበር የሚለውን መከላከያ ይህ ቁጥር ያፈርሰዋል። በዳኛ የሚመራ ሙሉ ምርመራ እንዲደረግ የቀረበውን ጥያቄ መንግሥት በጁላይ 2019 ውድቅ አደረገ።

እኛ ከመዛግብቱ የምንደርስበት ፍርድ ይህ ነው። ቢንያም መሐመድ በአፍጋኒስታን ምን እንደሠራ በፍርድ አልተጣራም፤ ያልተጣራውም ጠበቆቹ ስላደናቀፉ አይደለም፤ የተፈጸመበት አያያዝ ማስረጃውን ሁሉ ስለበከለው ነው። አደገኛ ሰው ነበር ብሎ የሚያምን ወገን ቢኖር እንኳ፣ ያን በሕግ የማረጋገጥ ዕድሉን ያጠፉት መርማሪዎቹ ናቸው። ደኅንነትና መብት በዚህ መዝገብ ላይ አንዱ ሲጨምር ሌላው የሚቀንስ ሆነው አልተገኙም፤ ሁለቱም አብረው ተጎዱ። ብሪታንያም ከዚህ መዝገብ የወሰደችው ትምህርት በሕግ መጽሐፏ ሰፍሯል። በ2013 የወጣው የፍትሕና የደኅንነት ሕግ፣ መንግሥት ምስጢር የሚላቸውን ማስረጃዎች ከሳሽና ጠበቃው በሌሉበት ዝግ ችሎት ለዳኛ እንዲያቀርብ ፈቀደ፤ የሕጉ አንቀጽ 17 ደግሞ የኖርዊች ፋርማካል መርሕ የስለላ መሥሪያ ቤቶችን መረጃ በሚመለከት እንዳይሠራ አገደ። ዛሬ ሌላ እስረኛ ቢንያም በ2008 የጠየቀውን ሰነድ በዚያው መንገድ ቢጠይቅ፣ የለንደን ዳኛ እንዲሰጠው የማዘዝ ሥልጣን የለውም።